ከጠገራ ብር እስከ ቴሌብር፦ በጅቡቲ መንገድ የአማርኛ የክፍያ ቃላት ታሪክ

በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠና ወደ ኢትዮጵያ የሚያልፍ ሸቀጥ ሲራገፍና ሲጫን የሸቀጡ ዋጋ በማንም እጅ አይታይም። አስመጪው አዲስ አበባ ላይ «ኤልሲ ከፍቷል»፤ ባንክ ለባንክ ጽፏል፤ ትራንዚተሩ ሰነዱን ይዞ ዲክላራሲዮኑን ያስሞላል፤ ሾፌሩ ኮንቴይነሩን ይረከባል። ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ጭነት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር አንዲት ሳንቲም እንኳ አትቆጠርም። ይኸው ሾፌር ግን ከቀጠናው በር ወጥቶ ሻይ ቢያሰኘው ኪሱ ውስጥ ፍራንክ ሊኖር ይገባል።

ተቃርኖው የቆየ ነው። ዛሬ «ያለ ጥሬ ገንዘብ ግብይት» ተብሎ እንደ አዲስ የሚነገርለት ነገር በጅቡቲ መንገድ ላይ ከመቶ ዓመት የበለጠ ዕድሜ አለው። አዲስ የሆነው ከትልቁ ነጋዴ ወደ ሾፌሩ፣ ወደ ረዳቱና ወደ ሻይ ሻጯ መውረዱ ነው። አማርኛ ይህን ታሪክ በሁለት የቃላት ቤተሰቦች ይዞት ይገኛል። አንደኛው ቤተሰብ ገንዘብን እንደሚቆረጥና እንደሚሰበር ጠጣር ነገር ያየዋል፤ ሁለተኛው እንደሚላክና እንደሚደርስ ነገር ያየዋል። የስልክ ክፍያ ሁለተኛውን ቤተሰብ ከባንክ መስኮት አውጥቶ በየቤቱ አስገብቶታል። በዚህ ለውጥ ውስጥ የጠፋ የሰዋስው ነገርም አለ፤ ወደ መጨረሻው ይነሳል። (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የመቁረጥ ቤተሰብ

«ከፈለ» በግእዝም በአማርኛም መጀመሪያ ትርጉሙ አንዱን ነገር ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ማድረግ ነው፤ «ክፍል»፣ «ክፋይ»፣ «ከፋፈለ» ሁሉም ከዚሁ ይወጣሉ። ዕዳን መመለስን ግእዝ የሚገልጸው «ፈደየ» በሚለው ሌላ ግሥ ነበር። ከዚህ ግሥ ለአማርኛ በስፋት የተረፈው «ፍዳ» ሲሆን እርሱም ከገበያ ወጥቶ ወደ መከራና ወደ ቅጣት ዞሯል። በገበያው ውስጥ የቀረው «ከፈለ» ነው፤ ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ዋጋ ሲሰጥ ካለው ላይ ከፍሎ፣ ማለትም ለይቶ፣ ይሰጣል።

ዘመዶቹም እንዲሁ ናቸው። መንግሥት በኬላ የሚወስደው «ቀረጥ» ከመቁረጥ ጋር የተዛመደ ነው። ትልቁን ገንዘብ ወደ ትንንሽ መለወጥ «መዘርዘር» ነው፤ ያልተዘረዘረው «ድፍን» ነው። ወደ ሌላ አገር ገንዘብ መለወጥ «መመንዘር» ነው። ዋጋ «ይቆረጣል»፤ ደረሰኝ «ይቆረጣል»፤ ትኬትም «ይቆረጣል»። የመጨረሻው ከባቡርና ከአውቶቡስ ወረቀት መቀደድ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ መንገደኛ ስልኩን ነክቶ የአውሮፕላን መቀመጫ ሲይዝ የሚቀደድ ነገር በዓለም ላይ የለም፤ ቢሆንም «ትኬት ቆረጥሁ» ይላል፤ ማንም አይስቅበትም።

በጅቡቲ አንድ የሂሳብ መስኮት ፊት የሚገናኙትን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የአማርኛን ጠባይ ያጎላዋል። የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ የሆነው ፈረንሳይኛ «ፔዬ» የሚለው ግሥ ከላቲኑ «ፓካሬ» የወረደ ነው፤ ትርጉሙ ማስታረቅ፣ ባለዕዳውን ከባለገንዘቡ ጋር ሰላም ማድረግ ነበር። ሌላው የሥራ ቋንቋ ዐረብኛ «ደፈዐ» ይላል፤ መግፋት ነው። ሶማልኛ «ቢሂ» ይላል፤ «ባሕ» (ወጣ) ከሚለው የተገኘ አድራጊ ግሥ ስለሆነ ማውጣት ነው። ፈረንሳዩ ያስታርቃል፣ ዐረቡ ይገፋል፣ ሶማሌው ያወጣል፣ አማራው ይከፍላል። ከአራቱ ውስጥ ገንዘቡ ራሱ ምን እንደሚሆን የሚናገረው የአማርኛው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በሰዎች መካከል ያለውን ነገር ወይም የገንዘቡን እንቅስቃሴ ይናገራሉ።

ይህ ጠባይ ከዕቃው የመጣ ነው ብሎ መገመት አያስቸግርም። ለብዙ መቶ ዓመታት የአገሪቱ መገበያያ ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ የሚወጣው የጨው አሞሌ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመጡ ፖርቱጋሎች ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይተው ጽፈዋል። አሞሌ ሲሰበር ዋጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከአሞሌ ጋር አብሮ፣ በኋላም በላዩ፣ የነገሠው የማርያ ትሬዛ ታለር ግን አይሰበርም። ከ1780 ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ እየተደጋገመ የተመታው ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ለትንሽ ግብይት ደግሞ እጅግ ትልቅ ነበር።

ብር፣ ቤሳ፣ ሽልንግ

የታለሩ ስም «ብር» ሆነ፤ ቃሉ በመሠረቱ የማዕድኑ ስም ነው፤ በግእዝ «ብሩር» ይባላል። ምኒልክ በ1894 በፓሪስ ያስመቱት ገንዘብም ብር ተባለ። በ1915 የአቢሲኒያ ባንክ ወረቀት ሲያወጣ ወረቀቱም ብር ተባለ። በ1945 የወጣው አዲሱ ገንዘብ በእንግሊዝኛ «ዶላር» ሲባል አማርኛው ብር እንዳለ ቀረ፤ እንግሊዝኛው አማርኛውን የተከተለው በ1976 ነው። እንዲህ ማዕድኑ ከሥር ሲሸሽ ስሙ በቦታው ቆመ። የተለወጠው የአሮጌው ስም ነው፤ ብረቱን ከወረቀቱ መለየት ሲያስፈልግ «ጠገራ ብር» የሚለው መንገሥ ጀመረ። ቅጽል የሚጨመረው ለመጤው ሳይሆን ለነባሩ መሆኑ በሌሎች ቋንቋዎችም የሚታይ ነገር ነው።

«ጥሬ ገንዘብ» የሚለውም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ግብርና ደመወዝ በእህል፣ በማር፣ በከብት ይከፈል በነበረ ጊዜ የጥሬ ገንዘብ ተቃራኒ «በዓይነት» ነበር። ቼክ ሲመጣ ተቃራኒው ቼክ ሆነ። አሁን ተቃራኒው ስልክ ነው። ቃሉ ሳይነቃነቅ ጎረቤቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። በመንገድ ላይ ግን «ጥሬ ገንዘብ» የጋዜጣና የመመሪያ ቃል ሆኖ «ካሽ» እየገፋው ነው። «ካሽ ነው በቴሌብር?» የሚለው የባለሱቅ ጥያቄ አሮጌው ገንዘብ እንደገና መለያ ስም እንዳስፈለገው ያሳያል፤ ጠገራው ላይ የደረሰው በወረቀቱ ላይ ደረሰ።

የትንንሾቹ ገንዘቦች ስም ከብር ይልቅ ስለ መንገዱ ይናገራል። «ሳንቲም» ፈረንሳይኛ ነው። «ግርሽ» በዐረቦችና በቱርኮች በኩል ከጀርመኖቹ «ግሮሽን» የመጣ ነው። ሃምሳ ሳንቲም «ሽልንግ» የተባለው በ1941 ከእንግሊዝ ጦር ጋር በገባው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ምክንያት ነው፤ በ1945 አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ፤ ስለዚህ ግማሽ ብር ሽልንግ ሆነ። እንግሊዞቹ ሄዱ፤ ሽልንጋቸውም ከሄደ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ስሙ ግን በታክሲ ውስጥ ረዥም ዕድሜ አገኘ።

ከሁሉም የሚገርመው «ቤሳ» ነው። በምኒልክ ዘመን የብር አንድ 32ኛ የሆነ ትንሽ የመዳብ ገንዘብ ስም ሲሆን ከሕንዶቹ «ፓይሳ» በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ተሻግሮ የደረሰ ነው። የዑማን ሰዎች እስከ ዛሬ በ«በይሳ» ይቆጥራሉ። በአማርኛ ግን ገንዘቡ ጠፍቶ ቃሉ በአንድ አባባል ውስጥ ብቻ ተቀብሮ ቀረ፤ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም»። ቃሉ የሚነገረው ገንዘብ ሲጠፋ ብቻ ነው። ይኸው የሕንድ ቃል ወደ ስዋሒሊ ሲገባ «ፔሳ» ሆኖ የገንዘብ ሁሉ ስም ሆነ። በ2007 በኬንያ የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ሲከፈት «ኤም-ፔሳ» ተባለ፤ በነሐሴ 2023 ደግሞ ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በኢትዮጵያ ጀመረ። ቤሳ ከመቶ ዓመት በኋላ በናይሮቢ ዞሮ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ወንድማማቾቹ ቃላት አንዱ «የለኝም» በሚል ዐረፍተ ነገር ውስጥ፣ ሌላው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሆነው በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ ተናጋሪው ግን ዝምድናቸውን አይሰማም።

የመላክ ቤተሰብ

ሁለተኛውን ቤተሰብ ለመረዳት ከባቡሩ በፊት ወደነበረው መንገድ መመለስ ያስፈልጋል። አርተር ራምቦ በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነሥቶ ጠመንጃ የጫነ ሲራራ ነጋዴ ይዞ ወደ ሸዋ ወጣ። በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ፤ ምኒልክ እንጦጦ ስለነበሩ ወደዚያ ተጓዘ። ንጉሡ መሣሪያውን ተቀበሉ፤ የሟቹን ሸሪኩን የላባቱን ዕዳ ቀንሰው የቀረውን በብር አልሰጡትም፤ ሐራር ላይ ደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኰንን እንዲከፍሉት በወረቀት አዘዙለት። ሐራር ሲደርስም ከፊሉ እንደገና ወረቀት ሆነ። በዚያው ዓመት ክረምት ምፅዋ ሲገባ በእጁ የነበረው በድምሩ 7,500 ታለር የሚያወጣ ሁለት የክፍያ ሰነድ ነበር።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ገጣሚው ነጋዴ እንዴት እንደከሰረ ለማሳየት ነው። ለክፍያ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። 7,500 ታለር ከ210 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ግመልም ጠባቂም ይፈልጋል፤ በአፋር በረሃ መሐል የሚሄድ ብር ደግሞ ባለቤቱን ያስገድላል። በሸዋና በባሕሩ መካከል ትልቅ ገንዘብ ያን ጊዜም ቢሆን በተቻለ መጠን በወረቀት ነበር የሚሄደው። የሚከራከሩበትም ነገር ዛሬ የሚታወቅ ነው፦ ወረቀቱ እውነተኛ ነው ወይ? በየትኛው ከተማ ይመነዘራል? ማን ይመልስልኛል?

የዚህ አሠራር ስም በመንገዱ ሁሉ «ሐዋላ» ነው። ሥሩ በዐረብኛ መዞርን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፍን ያመለክታል፤ ዕዳው ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ ብሩ ከቦታው አይነሣም። ቃሉ ዛሬ በሁለት አቅጣጫ ሄዷል። በአውሮፓ ቋንቋዎች ከባንክ ውጭ የሚደረግ፣ መንግሥት በጥርጣሬ የሚያየው ዝውውር ስም ሆኗል። በአማርኛ ግን የባንክ ቅጽ ላይ የታተመ ክቡር ቃል ነው፤ የባንክ ሠራተኛ «ሐዋላ መጥቶልዎታል» ሲል ፍጹም ሕጋዊ ነገር እየተናገረ ነው። በትርጉም ሥራ ላይ ይህን ልዩነት አለማየት ንጹሑን ደንበኛ ወንጀለኛ ሊያስመስለው ይችላል፤ ስደተኛ በሚበዛባት ጅቡቲ ደግሞ ጉዳዩ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1906 አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ሐዋላን ወደ መስኮትና ወደ ማኅተም አመጣው። ባንኩ ከሐራርና ከድሬዳዋ ቅርንጫፎቹ በተጨማሪ በጅቡቲ የመተላለፊያ ጽሕፈት ቤት ነበረው፤ ይህም ዕቃው በሚያልፍበት በር ላይ ገንዘቡ በወረቀት እንዲያልፍ ማድረግ ነው። በጅቡቲ በኩል የኢንዶቻይና ባንክ በ1908 ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር። ምኒልክ በ1894 የፈቀዱት የባቡር መስመር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከእርሱ ጋር «ለገሀር» እና «ሽሚንደፈር» ገቡ፤ ፈረንሳይኛ የሚቀላቅል የድሬዳዋ አማርኛም ተፈጠረ። የባቴማን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በ1929 የታተመው እዚያው ድሬዳዋ፣ በዚሁ ሐዲድ ዳር ነው።

ጅቡቲ ደግሞ በ1949 የራሷን ፍራንክ አገኘች። ፍራንኩ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቁርጥ ዋጋ የተሳሰረ ነው፤ ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። የጅቡቲ ነጋዴ ዶላርን ሲያስብ ያለ ጭንቀት ነው፤ በነፃ ቀጠናው የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር የለበትም። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣበት ከ1998 ወዲህ የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በዚህ ወደብ ሲያልፍ፣ በ2004 የመጀመሪያው ነፃ ቀጠና፣ በሐምሌ 2018 ደግሞ ዓለም አቀፉ ቀጠና ተከፈተ። የኋለኛው ሲጠናቀቅ 4,800 ሔክታር እንዲሸፍን የታቀደ ሲሆን መጀመሪያ ሥራ የጀመረው በ240 ሔክታር ነው። የሐዲዱም አዲስ ዘመን ከዚሁ ጋር መጣ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር በጥር 2018 መደበኛ ሥራውን ጀመረ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የንግዱ አማርኛ የጣሊያንኛ «ፍራንኮ ቫሉታ»፣ የቱርክ «ጉምሩክ»፣ የፈረንጅ «ዲክላራሲዮን» እና የእንግሊዝ «ኤልሲ» የሚናገር ሆነ። የመላክ ቤተሰብ እስከዚህ ድረስ የባለቢሮዎች ንብረት ነበር።

ወደ ስልክ

ለውጡ በመንገዱ ዳር ካሉት አገሮች መጀመሪያ የታየው በሶማሌዎች ዘንድ ነው። በ2009 በሶማሌላንድ የተከፈተው አገልግሎት «ዛድ» ተባለ፤ ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን የመንገድ ስንቅ ማለት ነው። በጅቡቲ የሚሠራው «ዋፊ» ስሙን ያገኘው ከሌላ የዐረብኛ ሥር ነው፤ ሙሉ፣ ያልጎደለ፣ ዕዳውን የፈጸመ ማለት ነው። የጅቡቲ ቴሌኮም አገልግሎት «ዲ-መኒ» ይባላል፤ ለስም የሚያወጣ ሰው ብዙም አልደከመበትም። ስንቅና ሙላት የመንገደኛና የባለዕዳ ቃላት ናቸው፤ የአገልግሎቱን ጥቅም ከመሣሪያው ሳይሆን ከሰውየው ጉዳይ ያነሣሉ።

ኢትዮጵያ ዘግይታ ገባች። ንግድ ባንክ የመጀመሪያዎቹን የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች በ2001 ተክሎ ነበር፤ ሆኖም ሕዝቡ ዘንድ የደረሰው ለውጥ ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2021 የጀመረው ቴሌብር ነው፤ ተጠቃሚዎቹ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስሙ ሲተነተን «ሩቅ» የሚል የግሪክ ቃልና የማዕድን ስም ነው፤ ከሩቅ ያለ፣ ማንም የማይነካው ብር። ከመቶ ዓመት በላይ ማዕድኑን እያጣ የመጣው ቃል እዚህ ላይ የመጨረሻውን ወረቀት ጣለ።

በቴሌብር ሥር በ2022 ከዳሽን ባንክ ጋር የወጡት አገልግሎቶች ስማቸው «መላ»፣ «እንደኪሴ» እና «ሳንዱቅ» ነው። ብድሩ መላ፣ ከሂሳብ በላይ ማውጣቱ እንደኪሴ፣ ቁጠባው ሳንዱቅ ሆነ። ባንኮች ለግማሽ ምዕተ ዓመት በቅጾቻቸው ላይ ያላገኙትን ቀላል አማርኛ የስልክ መተግበሪያ አገኘው ማለት ማጋነን አይደለም። በዚያው ሰሞን የወጣ ሌላ የብድር ሽያጭ አገልግሎት «ዱቤ አለ» ተባለ። ስሙን የሚረዳው በየሱቁ ግድግዳ ላይ «ዱቤ የለም» የሚለውን ጽሑፍ እያየ ያደገ ሰው ብቻ ነው።

ለመንገዱ ሰዎች ወሳኙ ቀን ግን የናፍጣው ነው። መንግሥት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ በስልክና በባንክ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ አዘዘ፤ ብዙ ሳይቆይ ትእዛዙ በመላ አገሪቱ ሆነ። ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ጋላፊ ወይም ወደ ደወሌ የሚወርድ ሾፌር እስከዚያ ቀን ድረስ ለናፍጣ ኖት ቆጥሮ መክፈል ይችል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ስልክ መኪናው አይንቀሳቀስም። ማንበብ የማይሆንለትም፣ አማርኛ የማይቀናውም ሾፌር ወደዚህ ገባ። አገልግሎቱ ከአማርኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሶማልኛ መኖሩ እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ብዙዎቹ ተጠቃሚዎች በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈ የገንዘብ ጽሑፍ ያነበቡት ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልክ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

«ገባ?»

ከቃላቱ በታች የሰዋስው ለውጥ አለ፤ በክርክር ጊዜ የሚታየውም እርሱ ነው። «ከፈልሁህ» ሲባል ከፋዩ ባለቤት፣ ተቀባዩ ደግሞ በግሡ ላይ ተሳቢ ሆኖ ሁለቱም በአንድ ቃል ውስጥ ፊት ለፊት ቆመዋል። «ላክሁልህ» ሲባል ተሳቢው ብሩ ይሆናል፤ ተቀባዩ በ«ል» በኩል ወደ ዳር ይወጣል። ሻጩ ደግሞ «ከፈልህ?» ማለቱን ትቶ «ገባ?» ወይም ወደ ልጁ ዞሮ «ገብቷል?» ይላል። «ገባ» ተሳቢ የሌለው ግሥ ነው። ከፋይ የለም፤ ተቀባይ የለም፤ ብሩ ራሱ በእግሩ ሄዶ ገባ ወይም ሳይገባ ቀረ።

ከዚህም ጋር አንድ ጠባብ ልዩነት አለ። «አልገባልኝም» ገንዘቡ አልደረሰኝም ማለት ነው፤ «አልገባኝም» አልተረዳሁም ማለት ነው። መረብ ሲቋረጥ በሱቅ ፊት ሁለቱም ይሰማሉ፤ ልዩነታቸው አንዲት «ል» ናት።

የድሮው የውል አማርኛ ይህን ክፍተት ዘግቶት ነበር። የሽያጭ ውል ላይ ሻጩ «ቆጥሬ ተረክቤአለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ የመቁጠሩ ሥራም የመቀበሉ ኃላፊነትም በአንደኛ መደብ ነው። የመቀበያ ወረቀቱ ስምም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። «ደረሰኝ» ስም ከመሆኑ በፊት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ደረሰ፣ ለእኔ። ተቀባዩ በራሱ አፍ የሚሰጠው ምስክርነት ደርቆ ወረቀት ሆኗል፤ እንደገና «ደረሰኞች» ተብሎ ይበዛል፤ «የእርሱ ደረሰኝ» ተብሎ ለሦስተኛ ሰው ይሰጣል፤ «ኝ» ግን በውስጡ አለች። ፈረንሳይኛው «ረሱ» የተቀበለውን ነገር እንጂ ተቀባዩን አይጠቅስም።

በስልክ ክፍያ የሚመጣው መልእክት ተቀባዩ የተናገረው አይደለም። ማሽኑ «ልከዋል»፣ «ተቀብለዋል» ይላል፤ ሁለተኛ መደብ፣ በአክብሮት። ነጋዴዎች መልእክቱን ለማየት የሚጠይቁት፣ ከፋዮችም የስክሪኑን ፎቶ የሚያስቀምጡት «ደረሰኝ» የሚል ሰው በመካከላቸው ስለሌለ ነው። የሐሰት ምስል አዘጋጅቶ ከፈልሁ የሚል ሲመጣ ሻጩ የሚታመነው የራሱ ስልክ ሲጮኽ ብቻ ነው። ራምቦ በሐራር የገጠመው ችግር፣ ወረቀቱ አለ፣ ብሩ የታለ፣ ወደ ኪዮስክ ወርዷል።

የሚጠፉም አሉ። በታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል የነበረው ልውውጥ፣ ድፍኑ ሲሰጥ፣ ዝርዝር ሲፈለግ፣ «መልስ!» ሲባል፣ በስልክ ሲከፈል ከአራቱ ቃላት የሚተርፈው «ሂሳብ» ብቻ ነው፤ እርሱም የባንክ ቁጥር ስም ሆኖ ከፍ ብሏል። መልስ የሌለበት ክፍያ ለቸርነትም ቦታ አይተውም፤ «መልሱን ያዘው» ማለት የሚቻለው መልስ ሲኖር ነው።

በድንበሩ ላይ ሁለቱ ቤተሰቦች እንደገና ይለያያሉ። በስልክ ያለው ሂሳብ የተቆጠረው በብር ነው፤ በጅቡቲ ሕጋዊው ገንዘብ ፍራንክ ነው። የስልኩ መረብ ድንበሩን ቢሻገር እንኳ ብሩ ሳይመነዘር አይሻገርም፤ መመንዘር ደግሞ የመቁረጥ ቤተሰብ ግሥ ነው። በጅቡቲ ከተማ ይህን ሥራ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የያዙት ሴቶች ናቸው። በሶማልኛ «ሰሪፍሌይ» ይባላሉ፤ «ሰሪፍ» ምንዛሪ ከሚለው የዐረብኛ ውርስና ባለቤትነትን ከሚያሳይ የሴት ቅጥያ የተሠራ ቃል ነው። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሚቀመጡባቸው ስፍራዎች አንዱ ዛሬ ማሕሙድ ሐርቢ የሚባለው አደባባይና አካባቢው ነው፤ የአደባባዩ የድሮ ስም ራምቦ ነበር።

የዶላሩ ዋጋ በከተማዋ ሁሉ የታወቀና ከ1973 ወዲህ ያልተነቃነቀ ስለሆነ ስለ እርሱ ብዙ ንግግር አያስፈልግም። የብር ዋጋ ግን፣ ይልቁንም የኢትዮጵያ መንግሥት በሐምሌ 2024 ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ በየጊዜው ይለወጣል፤ ስለዚህ መጠየቅና መከራከር ይገባል። ሾፌሩ ከቀጠናው ሲወጣ በሶማልኛ ቁጥር፣ በአማርኛ ቁጥር፣ አንዳንዴም በጣት ዋጋው ይነገራል። ሴትየዋ ፍራንኩን ሁለት ጊዜ ትቆጥራለች፤ ሾፌሩም ተቀብሎ አንድ ጊዜ ይቆጥራል።